ጋሼን ቀስ ብለው የሚመግቡት ለምን እንደሆነ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ትናንት በስልክ «ወንድሜን በረሃብ ሊገድሉት ነው፤ በአፍንጫው የሚንጠባጠብለት ወተት ለሕፃን እንኳ አይበቃም» ስትይኝ አንጀቴ ተላወሰ። በስልክ አስረድቼ የምጨርሰው ነገር ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ። ጥቂት የሚሰጡት ንቀውት ወይም ረስተውት አይደለም። ለጋሼ አሁን አደገኛው ነገር ባንዴ ብዙ ምግብ ማግኘት ነው።

ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ከአሥር ቀን በላይ እህል ባፉ አልዞረም፤ ጫቱም የምግብ ፍላጎቱን ከዘጋው ቆይቷል። ሰው እንዲህ ሲከርም ሰውነቱ የገዛ ስቡንና ጡንቻውን እየበላ ይኖራል፤ ፎስፌት የሚባለው ማዕድንም ከሴሎቹ እየተሟጠጠ ይሄዳል። ክፋቱ፣ ደሙ ሲመረመር ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ከሰውነታችን ፎስፌት 85 በመቶ ያህሉ አጥንት ውስጥ ነው፤ ከሴል ውጭ፣ ደሙን ጨምሮ፣ ያለው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ምግብ በብዛት ሲገባ ስኳሩ ኢንሱሊንን ይቀሰቅሳል፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ ፎስፌቱን፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዚየሙን ጠራርጎ ወደ ሴል ይከታል። በደሙ ውስጥ ያለው መጠናቸው ድንገት የሚያሽቆለቁለው ያኔ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ በተጀመረ በ5 ቀን ውስጥ።

ጡንቻ የሚሠራበት ጉልበት ያለ ፎስፌት አይመረትም። ሲጎድል የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሚዝል በሽተኛው ከመተንፈሻ ማሽኑ መላቀቅ ያቅተዋል፤ ልብ ይደክማል፣ ምቱም ይዛባል። ሲብስ መቃዠትና መንቀጥቀጥ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ማሽኑ ነው፤ «ሳንባው ዳነ፣ ግን ለምን አልተነሣለትም?» ሲባል ፎስፌቱን ያየ ሰው ሳይኖር ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

አሁን ወደ መጠኑ። እንደ ጋሼ ላለ ሰው ሲጀመር ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 10 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። 50 ኪሎ ቢሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው፤ አንዱ ሚሊ ሊትር 1 ኪሎ ካሎሪ የሚይዘው የቱቦ ምግብ ከሆነ ደግሞ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ያህል። ያየሽው ጠብታ ይህ ነው፣ ስሌት አለው። ደሙ እየታየ በ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ ወደ ሙሉ መጠኑ ይደርሳል። ስለዚህ በፔርሙዝ የምትወስጅውን አጥሚት «ትንሽ በቱቦው ጨምሩለት» ብለሽ ነርሶቹን አታስጨንቂ። ግሉኮስ እንዲሰቅሉለትም አትለምኚ። ሰው ውኃ ይመስለዋል እንጂ አንድ ሊትር የ5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር አለው፤ እሱም ምግብ ነው፤ ደግሞም ቫይታሚን ቢ1 ሳይቀድም ስኳር መስጠት ለአንጎልና ለልብ ጥሩ አይደለም።

በደም ውስጥ ጤነኛው የፎስፌት መጠን ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ከ1 በታች ከወረደ ከባድ ነው፣ በደም ሥር ይተካል። ያም ቢሆን በጥድፊያ አይሰጥም፤ ቀጥነው በሰዓታት ነው የሚያስገቡት። ፈጥኖ ከገባ ካልሲየምን ያወርዳል፤ የፖታሲየም ፎስፌት ከሆነ ደግሞ 15 ሚሊሞል ፎስፌት 22 ሚሊሞል ፖታሲየም ይዞ ስለሚመጣ ልብን ሊያቆም ይችላል። ኩላሊቱ ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። ካልሲየም ባለበት መስመርም አይገባም፣ ሪንገር ላክቴት የሚባለው ካልሲየም ያለበት የሚሰቀል ፈሳሽ ጭምር፤ ተገናኝተው ይረጋሉ። ቁጥሩ ምግብ ከተጀመረ በኋላ ከ2 በታች ከወረደ ምግቡን መልሰው ቢቀንሱት አትደንግጪ፣ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ለሐኪሙ ንገሪልኝ፤ ጋሼ ለጨጓራው ሲጠጣው የነበረው ነጭ ሽሮፕ። አሉሚኒየም ያለበት ከሆነ ፎስፌትን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ። ስንት ቀን ሳይበላ እንደቆየ፣ ስንት ኪሎ እንደነበርና ተቅማጥ እንደነበረውም አትርሺ።

ጠዋት ሐኪሞቹ ለዙር ሲመጡ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም መቼ እንደተለኩ ጠይቂ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየ12 ሰዓቱ ቢታዩ ደስ ይለኛል። ቢ1 መጀመሩንም ጠይቂ። ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ የምታደርሱት እናንተ ከሆናችሁ መንገድ ላይ አታቆዩት፤ በዚያ ሙቀት የደሙ ፈሳሽ ከሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ ፎስፌት ከሴሎቹ ስለሚወጣ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ከፍ ይላል፣ ጉድለቱም ይሸፈናል።

እግሩ ካበጠ፣ ልቡ ከፈጠነ ወይም ንቃቱ ከተለወጠ ዙር አትጠብቂ፣ ነርሷን ወዲያው ጥሪ። የውጤቱን ወረቀት ከነቀኑና ከነሰዓቱ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

ልጅሽ