ያቺን ክኒን ለማንም አትስጪ

ለውድ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔም ልጆቹም አላህ ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን እህቴ ቀስ እያለች ታንብብልሽ፤ ያልገባሽ ቦታ ላይ አስቁሚያት።

ትናንት ማታ ስልኩን ቶሎ የዘጋሁት ደንግጬ ነው፤ ተቆጣብኝ ብለሽ እንዳታዝኚ። ከጎን ያሉት እትዬ ለአስማቸው ፓፍ በወሰዱ ቁጥር ልባቸው እየመታ እንዳስቸገራቸው ሲያጫውቱሽ፣ «እኔንም እንዲህ ያደርገኝ ነበር፣ ይቺ ናት ያስተወችኝ» ብለሽ ለልብ ምትሽ ከምትውጫት የፕሮፕራኖሎል ክኒን አራት ፍሬ በወረቀት ጠቅልለሽ እንደሰጠሻቸው እህቴ ስትነግረኝ ክው አልኩ። ጎረቤት ሲቸገር እያየሽ ዝም እንደማትይ አውቃለሁ፤ የኛ የወሎ ሰው አመሉ ነው። ግን ያቺ ክኒን ለአንቺ መድኃኒት ስትሆን የእሳቸውን ትንፋሽ ልትዘጋ ትችላለች። እህቴን «አሁኑኑ ሮጠሽ ተቀበያቸው» ያልኳት ለዚህ ነው። እንኳንም ሳይውጧት ደረሰች።

ለምን እንደሆነ ካላስረዳሁሽ ነገ ለሌላ ሰው መስጠትሽ አይቀርም።

ሰው ሲደነግጥ ወይም የጦሳን ዳገት ሲወጣ፣ ከኩላሊቶቹ በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ያው አንዱ አድሬናሊን ልብን ያፈጥናል፣ የቆዳን የደም ሥር ያጠብባል፣ የሳንባን ቧንቧ ደግሞ ያሰፋል። ገበያ መሀል አዋጅ ሲነገር አስቢው፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ግን ነጋዴው ሰምቶ ሸቀጡን ይሰበስባል፣ ባለከብቱ በሬውን ይፈታል። ሥራውን የሚለየው ሰሚው ነው።

በሰውነታችን ውስጥ እነዚህ ሰሚዎች ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር ይባላሉ። የሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እያቋረጡ የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አድሬናሊን ከውጭ መጥቶ ሲገጥምባቸው ቅርጻቸው ይለወጥና በውስጥ በኩል ያለውን ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳሉ። አድሬናሊኑ ራሱ ወደ ሴሉ መግባት አያስፈልገውም። ራይመንድ አልኲስት የተባለ አሜሪካዊ በ1948 እ.ኤ.አ. ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ አንቺ የምትውጫትን ፕሮፕራኖሎል ሠራ፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው አንዱ እሱ ነው።

አንቺንና እትዬን የሚመለከቱት ቤታዎቹ ናቸው። ቤታ 1 በብዛት ያለው ልብ ላይ ነው። ቤታ 2 ደግሞ የሳንባን ቧንቧ በሚከብበው ጡንቻ ላይ አለ፤ በእጅና በእግር ጡንቻም ላይ አለ። እንቅርትሽ፣ ማለትም አንገትሽ ላይ ያለው ዕጢ፣ የራሱን ሆርሞን ሲያበዛ ልብሽ ላይ ያሉት ቤታ ተቀባዮች ይበዛሉ። አድሬናሊንሽ ሳይጨምር ሰሚው በዛ ማለት ነው። ቁጭ ባልሽበት ልብሽ የሚደልቀው፣ ቡና ስትቀጂ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ረከቦቱ ላይ የሚፈሰው ለዚህ ነበር። አንቺ ግን ቡዳ ነው ብለሽ ስንት ወር ደበቅሽን!

ፕሮፕራኖሎል የአድሬናሊንን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልብ ይረጋል፣ እጅም መንቀጥቀጡን ይቀንሳል። ችግሩ ቤታ 1ንም ቤታ 2ንም ሳይለይ መያዙ ነው። የእትዬ ፓፍ ሳልቡታሞል ነው፤ የሚሠራው ቤታ 2ን ቀስቅሶ ቧንቧውን በማስፋት ነው። ጥቂቱ ወደ ልብም ስለሚደርስ ይመታቸዋል። ያንቺን ክኒን ቢውጡ ቧንቧቸው ይጠብባል፣ ከዚያ ፓፉን ደጋግመው ቢስቡትም የሚሠራበት ቦታ ተይዞ ይጠብቀዋል። ሌሊት ቢሆን ኖሮስ?

ሁለተኛው ነገር የራስሽ ነው። «ተሻለኝ፣ ልተዋት ነው» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ክኒኗ ቦታውን ይዛ በቆየች ቁጥር ሰውነት ተቀባዮቹን የበለጠ ያበዛል። በድንገት ስታቆሚ እነዚያ ሁሉ ባዶ ሆነው አድሬናሊኑን ይቀበሉታል፤ ልብ ከበፊቱ ብሶ ሊመታ፣ ደረትሽንም ሊወጋሽ ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ ነው ቀስ በቀስ የሚቀንስልሽ። ደግሞ ፕሮፕራኖሎል ምልክቱን ብቻ ነው የምታስታግሰው፤ የእንቅርቱን ሆርሞን የሚቀንሰው ሌላኛው ክኒንሽ ነው። እሱንም እንዳትተዪ።

እጄ ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰኛል ያልሽውም ከክኒኗ ሊመጣ ይችላል፤ ልብሽ እንደ ድሮው ስለማይፈጥን ነው። ዳገቱን ቀስ ብለሽ ውጪ። ቡናውን ደግሞ ቢያንስ ከቶና አታሳልፊው፤ በረካውን ሌላው ይጠጣልሽ። እህቴ ጠዋት ጠዋት የእጅሽን ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቁጠር፣ ከ50 በታች ከወረደ ወይም ካዞረሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በይ።

ለእትዬ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፣ አይቀየሙኝም። ከፓፉ በኋላ የሚመታቸውን ለሐኪማቸው ይንገሩት፤ የሚወስዱትን መጠንና የአሳሳብ ዘዴያቸውን አይቶ ያስተካክልላቸዋል። አንቺም ሐሙስ ለቀጠሮሽ ስትሄጂ ሁለቱንም ክኒን ከነፓኬታቸው ይዘሽ ሂጂ። የወሩን መድኃኒት በመጪው ቅዳሜ ደሴ በሚሄድ ሰው እልክልሻለሁ።

ልጅሽ
ከአዲስ አበባ