ለልጄ፦ የማች ዝርዝርሽን ለእኛ ብለሽ አትደርድሪ

ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ከአዳር ሥራ ገና መግባቴ ነው። የማችን ነገር፣ ስትመረቂ የምትሠለጥኚበት ሆስፒታል በምርጫ ዝርዝርሽ የሚደለደልበትን ማለቴ ነው፣ በስልክ አንቺ ስትቸኩዪ፣ እኔም ስንዛዛ ሳንጨርሰው ቀረን። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና ማኅበር ላይ አንዲት ሴትዮ «ልጅሽ ምን እየተማረች ነው?» ስትለኝ «ኦስቲዮፓቲ» አልኳት፤ ሕክምናን ከእጅ ዳሰሳ ጋር የሚያስተምረውን። «ምን? ወጌሻ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ «ሕክምና» ብቻ ብዬ አልፋለሁ። ምኑ እንዳሳፈረኝ እንጃ! በልጅነቴ እጄ ሲወልቅ የመለሰልኝ ወጌሻ አይደል? ባለፈው ለገና መጥተሽ ምንጣፉ ላይ አስተኛሽኝ። በሽተኛ ሳነሳ የያዘኝን ወገቤን በአውራ ጣትሽ ስትዳብሺ አንድ ቦታ ላይ ቆም አልሽ። «እዚህ ጋ ነው አይደል?» አልሽኝ። ሳልነግርሽ! ያ የኦስቲዮፓቲ መሥራች፣ ዶክተር ስቲል የምትዪኝ ሰውዬ በ1892 ሚዙሪ ውስጥ፣ ኪርክስቪል ላይ ትምህርት ቤት የከፈተው እንዲህ ያለ እጅ አስቦ ይመስለኛል።

እኔ የምሠራበት የሆስፒታል ፎቅ ላይ ዲኦም (እንዳንቺ ኦስቲዮፓቲ የተማሩት) ኤምዲም (በሌላው የሕክምና ትምህርት ቤት የተማሩት) አሉ። መድኃኒት የሚያዙት እኩል፣ እንቅልፍ የሚያጡትም እኩል ነው። በሽተኛው ባጃቸውን አያነብም። ሬዚደንት፣ ማለትም ተመርቆ ስፔሻሊቲ የሚሠለጥን ሐኪም፣ የሚመርጡት ሰዎች ግን ያነባሉ። ከ2020 ወዲህ ሬዚደንሲው ለሁለታችሁም በአንድ ሥርዓት ሥር ገብቷል ብለሽኛል። ደግ ነው። ቢሆንም በሩ አንድ ሆነ ማለት ሁሉም ቤት እኩል ይቀበላል ማለት አይደለም።

ኮምሌክስ፣ የዲኦዎቹ የፈቃድ ፈተና፣ የግድ ነው። የኤምዲዎቹን ፈተና፣ ዩኤስኤምኤልኢውን፣ ልጨምር ወይስ ይቅር የምትዪው ግን መልሱ የምትፈልጊው ነገር ላይ ነው። ልብሽ የቤተሰብ ሕክምና ላይ ከሆነ በኮምሌክስ ብቻ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። የልብ ሐኪም መሆን ካማረሽ ደግሞ እኔ እፈተን ነበር። የዩኤስኤምኤልኢ የመጀመሪያው ክፍል፣ ስቴፕ 1፣ ከ2022 ጀምሮ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ ነጥብ የሚታየው ስቴፕ 2 ላይ ነው። ሳትዘጋጂ ግን እንዳትገቢ፤ አንዴ ከወደቅሽ መዝገቡ ላይ ይቀራል።

እዚህ አንድ ሬዚደንት አለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነርሶቹ ዴስክ ጋ ተደግፎ ብስኩት ሲበላ «ማሚ፣ ዘገየሁ» አለኝ። የውስጥ ደዌ 3 ዓመት ነው፤ ልብ ከዚያ በኋላ ሌላ 3። ግን ለፌሎውሺፕ፣ ለዚያ ለሁለተኛው ሥልጠና፣ የሚያመለክቱት ሦስተኛው ዓመት ሲጀምር ነው። ምርምሩም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም በሁለት ዓመት ማለቅ አለበት። እሱ የመጀመሪያውን ዓመት ቆሞ ለመዋል ብቻ እንደተጠቀመበት ነገረኝ። ያለበት ፕሮግራም የልብ ፌሎውሺፕ የለውም፤ የሚያውቀውና የሚጽፍለት ሰውም እንደልቡ አላገኘም። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ «የለኝም» እንዳትዪ። «እናንተ ጋ ፌሎውሺፕ አለ? አምና የጨረሱት የት ገቡ?» በያቸው። ፊታቸውንም እይው።

«ካርዲዮሎጂስት» የሚለውን ቃል ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። አሁን በየሕክምና ክፍሉ ስትዞሪ የምታዪው ሌላ ነገር ካሳየሽ ተዪው።

ማችን እኔ እንደ ዲቪ ነበር የማስበው። እኛን ዕጣ ስላመጣን ሁሉም ነገር ዕጣ ይመስለናል። አንቺ ስታስረጂኝ ነው የገባኝ፦ ኮምፒውተሩ ከአንቺ አንደኛ ምርጫ ይጀምራል፤ እዚያ ካልሆነ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። እንግዲያው «እነዚህ ይወስዱኛል» ብሎ መገመት ምን ያደርጋል? በምትወጃቸው ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። መኖር የማትችዪበትን ከተማ ጭራሽ አታስገቢ፤ ከደረሰሽ መመለስ የለም። አባትሽ «ሜሪላንድን አንደኛ ታድርግልን» ይላል። አትስሚው። እኔም በሆዴ እላለሁ፤ እኔንም አትስሚኝ።

ዝርዝሩን አታሳዪኝ። በማርች፣ በዚያ ሳምንት ሰኞ ጠዋት «ማች አድርጌያለሁ» ብለሽ ብቻ ደውዪልኝ። የቱ ጋ እንደሆነ አርብ እሰማለሁ። ሰኞ ከአዳር ገብቼ ልተኛ እችላለሁ። ብተኛም ደውዪ፤ ስልኩን ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ።

እናትሽ