የቦርከና ወንዝን ዕዳ ማን ይክፈለው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ከኮምቦልቻ ሰላም ብያለሁ።

ሰሞኑን ቡና ላይ አቦሉ ሳያልቅ ስለ ከተማችን ፋብሪካዎች ብክለት ክርክር ተነሳና ጎረቤቴ «አቦ ፋብሪካ አትንኩብን፣ ልጆቻችን አረብ አገር ከሚሰደዱ ጭሱን ብንችለው ይሻላል» አለች፣ እውነቷን ነው፣ ልጇ ቤሩት ናት። የእኔም የእህቴ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ማቅለሚያ ክፍል ነው የሚሰራው፣ የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በሱ ደሞዝ ነው፣ እና ፋብሪካ ይዘጋ እያልኩ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ፋብሪካ ተዘርፎ ሲቆም ምን እንደሚመስል አይተነዋል።

ግን ውሃውን አይታችሁታል? ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዘው ከተማውን አቋርጠው ቦርከና ይገባሉ፣ ቦርከና ጨፋን አልፎ አዋሽ ነው፣ ጨፋ ማለት ደሞ በበጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት ለሳር የሚመጣበት ቦታ ነው። ከታች ያሉት ዘመዶቻችን አንዳንድ ቀን ውሃው ቀለም ይዞ ይመጣል፣ በሬው አሽትቶት ይመለሳል ይሉናል፣ በሬ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም መቼም። ቆዳ ፋብሪካ ላይ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ቆዳው የተነከረበትን ክሮም የሚባል ማልፊያ ኬሚካል ሁሉ አይጠጣውም፣ የተረፈው ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ካልተጣራ ደለሉ ላይ ይቀመጣል እንጂ የትም አይጠፋም።

ማጣሪያ የለም አይደለም ነገሩ። ማጣሪያ መብራት ይበላል፣ ኬሚካል ይበላል፣ የሚያስተዳድረው ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወጪ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው ማጣሪያው ነው (የእህቴ ልጅ የነገረኝን ሁሉ እዚህ አልጽፍም)። ያኔ ወጪው ቀረ ማለት ግን አይደለም፣ ታች ላለው ገበሬ ተላለፈ እንጂ፣ እሱ ደሞ ትርፉን ማንም አያካፍለው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሰራ ውሃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተብሎ ነው የተሰራው፣ እኛ ጋ ምነው? ሕጉማ አለ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹህና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከየፋብሪካው የሚወጣው ውሃ በየወሩ ይለካ፣ በቀን ብቻ ሳይሆን በሌሊትም፣ ዝናብ ሲጥልም፣ ውጤቱም ቀበሌ ሰሌዳ ላይና ከሚሴ ገበያ ይለጠፍ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ያጣራ ይመስገን፣ ያላጣራ ይቀጣ።

ደብዳቤውን ካወጣችሁት ስሜን እንዳትጽፉት አደራ፣ የእህቴ ልጅ እዛው ፋብሪካ ነው የሚሰራው።