የዘገየ መልስ፤ ስለ ቫኪዩም ዋጋ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በመጨረሻ በጻፍክልኝ ደብዳቤ የእንግዳ ማረፊያውን ልትከፍት ስድስቱንም ክፍል ስጋጃ ማስነጠፍህን ነግረኸኝ፣ «አንዱ ቫኪዩም፣ ይኸው አቧራ የሚስበው ማሽን፣ 80 ፓውንድ ሌላው 600 ፓውንድ የሚሆነው ልዩነቱ በእርግጥ ማሽኑ ላይ ነው ወይስ ስሙ ላይ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት አለፈ። ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም። እንደምታውቀው እዚህ ለንደን የምሠራው የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው፤ ይህንኑ ጥያቄ በየቀኑ እጠየቃለሁ፣ አሠሪዎቼ ባስጠኑኝ ቃልም እመልሳለሁ። ያንን የሸመደድኩትን ቃል ለአንተ መጻፍ ቢያሳፍረኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ ሌላ እፍረት ሆነብኝ።

አሁን የምጽፍልህ በመደርደሪያው አጠገብ ቆሜ ያስተዋልኩትንና ስለ ኩባንያዎቹ ያነበብኩትን አገናኝቼ የደረስኩበትን ነው። ባጭሩ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ማሽኑ አቧራ ስለሳበለት ብቻ አይደለም፤ የተሳበውን አቧራ በዓይኑ ስላየ ጭምር ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቅ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ከሞላ ጎደል ይህን የተረዳ ሰው ነበር።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲሁ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ሂውበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አቧራ የሚስብ ማሽን ሲሠራ፣ ማሽኑ እጅግ ከመግዘፉ የተነሳ በፈረስ እየተጎተተ ከደንበኛው ቤት ደጃፍ ይቆም ነበር፤ ረጃጅም ቱቦዎቹም በመስኮት ገብተው ምንጣፉን ያጸዱ ነበር። ቡዝ ማሽኑን ሳይሆን አገልግሎቱን ነበር የሚሸጠው። ቱቦው ላይ በውስጡ የሚያሳይ ክፍል አስገብቶበት ስለነበር የለንደን ባለጸጎች እንግዳ ጠርተው፣ ሻይ እየጠጡ የገዛ ቤታቸው ቆሻሻ ሲያልፍ ይመለከቱ ነበር። (እኛ አገር እንግዳ ጠርቶ ቆሻሻውን የሚያሳይ ሰው ምን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ።) በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ መጫን በዌስትሚንስተር አቢ የተነጠፈውን ምንጣፍ ማጽዳቱ ደግሞ ስሙን አገነነለት።

ማሽኑን ወደ ቤት ያስገባው ግን በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን በተባለች ከተማ ይኖር የነበረ ጄምስ መሪ ስፓንግለር የሚባል ጽዳት ሠራተኛ ነው። አስም ስለነበረበትና መጥረጊያው የሚያስነሳው አቧራ ስላስቸገረው፣ ከሞተርና ከትራስ ልብስ የመጀመሪያውን ማሽኑን ሠራ። መብቱን በ1908 የገዛው ዊልያም ሁቨር የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ነበር፤ የማስታወቂያ ዘዴው ዛሬም ያስደንቀኛል። በመጽሔት «ማሽኑን ለ10 ቀን በነጻ ሞክሩ» ብሎ አወጀ፤ ለጻፈለት ሰው ግን ማሽኑን በቀጥታ አይልክም፣ በዚያው ሰው ከተማ በሚገኝ ሱቅ በኩል ያደርስለታል እንጂ። እንዲህ እያለ በየከተማው ወኪል አፈራ። ስሙም ከዕቃው ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ እዚህ እንግሊዝ ሰው ቤቱን ሲያጸዳ «ሁቨር አደረግሁ» ይላል እንጂ «ቫኪዩም አደረግሁ» ሲል ብዙም አትሰማውም።

እንደ ስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስና እንደ አሜሪካኑ ኪርቢ ያሉት ደግሞ ሻጭ በየቤቱ ላኩ። ሻጩ ገብቶ ንጹሕ የመሰለውን ምንጣፍ በማሽኑ ያጸዳና የወጣውን አቧራ በነጭ ጨርቅ ላይ ለባለቤቲቱ ያሳያታል። ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር ይከብዳል፤ ቆሻሻው የእርሷ ነውና። ኪርቢ እስከ ዛሬ የሚሸጠው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ የሻጩ ኮሚሽንም በዋጋው ውስጥ ይካተታል።

አሁን ወደ እንግሊዛዊው ፈጣሪ ወደ ዳይሰን ልምጣ፣ 600 ፓውንድ ያልከኝ የእርሱ ስለሆነ። ከእርሱ በፊት ቆሻሻው የሚጠራቀመው በወረቀት ከረጢት ውስጥ ነበር። የከረጢቱ ቀዳዳዎች በደቃቅ አቧራ ሲደፈኑ ማሽኑ የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ ኩባንያዎቹ ግን ከረጢት በመሸጥ በየዓመቱ ስለሚያተርፉ ለውጥ አልቸኮለባቸውም። ጄምስ ዳይሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህ ሲያናድደው፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች ዱቄቱን ከአየር የሚለዩበትን አዙሪት አስተዋለ፤ አየሩ በሾጣጣ ዕቃ ውስጥ በፍጥነት ሲሽከረከር አቧራው ወደ ግድግዳው ይገፋና ከታች ይቀራል። ይህንን ለቤት ማሽን ለማሳነስ 5,127 የሙከራ ናሙና ሠራ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች አንፈልግም አሉት። በመጀመሪያ የተቀበሉት ጃፓኖች ናቸው፤ በ1986 ጂ-ፎርስ በሚል ስም፣ ሮዝ ቀለም ቀብተው 2,000 ዶላር ገደማ ሸጡት። ሰው በዚያ ዋጋ ማሽኑን ከመሣሪያነት ይልቅ እንደ ጌጥ ገዛው።

በራሱ ስም ዲሲ01 የተባለውን ማሽን ያወጣው በ1993 ሲሆን፣ ዋጋው 200 ፓውንድ ገደማ፣ ማለትም ከተለመደው እጅግ የላቀ ነበር። ለእኔ ከሞተሩም ከአዙሪቱም በላይ የገረመኝ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው በውስጡ የሚያሳይ መሆኑ ነው። የገበያ ጥናቱም ባለሱቆቹም «ሰው ቆሻሻውን ማየት አይወድም» ብለው ተቃውመውት ነበር። እርሱ ግን አልሰማቸውም፤ በ18 ወር ውስጥ ማሽኑ በእንግሊዝ ከሁሉ በላይ የሚሸጥ ሆነ። እኔ ራሴ ደንበኛ ፊት ቁራጭ ምንጣፍ ላይ ዱቄት በትኜ ስስብ፣ ደንበኛው የሚያየው ምንጣፉን ሳይሆን ማጠራቀሚያውን ነው። አዙሪቱ የምሕንድስና ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ሁቨር አዙሪቱን ተከትሎ ማሽን ሲሠራ ዳይሰን ከስሶ በ2000 ረትቷል። ዋጋውን ያስቻለው ግን ያ ግልጽ ዕቃ ነው።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለግህ የሁቨርን የ1992 ታሪክ እነግርሃለሁ። የእንግሊዙ ሁቨር ሽያጭ ሲቀዘቅዝበት ከ100 ፓውንድ በላይ ዕቃ ለገዛ ሁለት የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት፣ በመጀመሪያ ወደ አውሮፓ በኋላም ወደ አሜሪካ፣ እሰጣለሁ አለ። ትኬቶቹ ከማሽኑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነበሩ። አብዛኛው ሰው በማመልከቻው ብዛትና ውጣ ውረድ ይሰለቻል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። ሕዝቡ ግን አልሰለቸም። ቫኪዩም የማይፈልገው ሁሉ ለትኬቱ ሲል ገዛ፣ ማሽኑንም ሳይከፍት መልሶ ሸጠ፤ ፋብሪካው ሌት ተቀን ሲያመርት የቆየው በየጋዜጣው «ያልተነካ» እየተባለ ለሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ትኬቱ የቀረበት አንድ ደንበኛማ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ሊጠግን የመጣውን የኩባንያውን መኪና በራሱ መኪና ዘግቶ አላስወጣም አለ። ኪሳራው 50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ፣ የፍርድ ቤቱ ክርክር ለዓመታት ቀጠለ፣ የአውሮፓው ሁቨርም በ1995 ለጣሊያኑ ካንዲ ተሸጠ። ሽያጩ ደርቶ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ ግን ስለ ማሽኑ አንድም ቃል አልተነገረም።

ዛሬ ፉክክሩ ወደ ባትሪ ዞሯል። ዳይሰን በ2018 ሞተሩ በደቂቃ እስከ 125,000 ጊዜ የሚዞረውን ባለ ባትሪውን ቪ10 ሲያወጣ ባለ ገመድ ማሽን ማሻሻል ማቆሙን ተናገረ፤ በ2021 ባወጣው ቪ15 ላይ ደግሞ አረንጓዴ ብርሃን ወለሉ ላይ ያለውን አቧራ ያሳይሃል፣ መያዣው ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪንም የተሳበውን ቅንጣት ትቆጥርልሃለች። የቡዝ ቱቦ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በባትሪ ተመለሰ ማለት ነው። ሻርክ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ መሰል ነገር በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል። በራሳቸው እየዞሩ የሚያጸዱትን ሮቦቶች ለአንተ አልመክርህም፤ አብዛኞቹ ደረጃ አይወጡምና።

ከመደርደሪያችን የተማርኩትንም ልጨምርልህ። ሦስት ማሽን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ውዱ ሁልጊዜ ሊሸጥ ብቻ አይቀመጥም፤ መካከለኛው ርካሽ እንዲመስል ነው። «ነበር 450፣ አሁን 320» የሚለው ወረቀት ሲለጠፍ አዲሱ ሞዴል ሊመጣ መቃረቡን እኛ ሠራተኞቹ እናውቃለን። ዋት ከፍ ሲል ጉልበቱ ከፍ ይላል የሚለውንም አትመን። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ከ1,600 ዋት በላይ፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሆነ ቫኪዩም ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሏል፤ ምንጣፎቹ ግን መጽዳታቸውን አላቆሙም። ለማሽኖቹ ይሰጥ የነበረውን የኃይል ደረጃ ምልክት ዳይሰን ተቃውሞ፣ ፍተሻው የሚደረገው ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ነው በሚለው ክርክሩ በ2018 ፍርድ ቤት አሸንፎ አሰርዞታል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከዳይሰን ጋር ነኝ፤ ባዶ አህያ ሮጠች ተብሎ ጭነት ትችላለች አይባልም።

እንግዲህ ለጥያቄህ መልስ። ልዩነቱ ግማሹ ማሽኑ ላይ፣ ግማሹ ማየቱ ላይ ነው፤ ለእንግዳ ማረፊያ ደግሞ ማየት አያስፈልግህም፣ የምታጸዳው ሠራተኛህ ናትና። ኑማቲክ የሚባል ኩባንያ በሶመርሴት፣ ቻርድ ከተማ የሚሠራት፣ ፊት ተስሎባት ቱቦዋ እንደ አፍንጫ የወጣላት ሄንሪ የምትባል ክብ ማሽን አለች። ሞተሯ 620 ዋት ነው፣ ከረጢቷ ትልቅ ነው፣ መለዋወጫዋ በቀላሉ ይገኛል፤ እዚህ ትምህርት ቤትና ቢሮ የሚያጸዱ ያገራችን ሰዎች ከእርሷ ሌላ አይነኩም። ዋጋዋ ከዳይሰኑ ሩብ ብዙም አይርቅም። የሚያሳስበኝ መብራቱ ብቻ ነው። በእናንተ ሰፈር ቀን ላይ የሚጠፋ ከሆነ ባለ ባትሪ ይሻልሃል፣ ግን ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚደክምና ምትኩም ከዚህ መላክ እንዳለበት አስበህ ወስን።

የእህቴ ልጅ ለገና ወደ አገር ቤት ትገባለች። መብራቱ እንዴት እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝና ማሽኑን ከሁለት ዓመት ከረጢት ጋር በእርሷ እልክልሃለሁ። ሶኬቱን እዚያ አስቀይረው፤ የእንግሊዝ ባለ ሦስት እግር ነው።

እማማን ጉልበት ሳምልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ