አባባ፣ ያንን የሚያብረቀርቅ ቢላ አይግዙት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳ ክረምቱ ገብቷል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም።

በቀደም ሲደውሉ አዳማ ገበያ ላይ አንድ ቢላ እንዳዩልኝ ነግረውኝ ነበር። ደንደሱ ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለው፣ እጀታው ውስጥ ክብሪትና የዓሣ መንጠቆ የሚያስቀምጥ። «እንግዶች ይዘሽ ባሌ ስትወጪ ይሆንሻል፣ ልግዛልሽ?» አሉኝ። ስላሰቡልኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን እባክዎ አይግዙት። ስልኩ እየተቆራረጠ ምክንያቱን በደንብ ስላላስረዳሁዎት ነው የምጽፍልዎ።

ዋናው ነገር እጀታው ውስጥ ያለው ብረት ነው። እጀታው ባዶ ከሆነ ስለቱን የያዘው አንገቱ ላይ ያለ አጭር መጋጠሚያ ብቻ ነው። በዱላ ሲመታ ኃይሉ ሁሉ እዚያው ላይ ያርፍና አንድ ቀን ይላቀቃል። ለከባድ ሥራ የሚሆነው ከጫፉ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ወጥ ብረት የሆነ ቢላ ነው። ግራና ቀኙ እንጨት ይለበጥና በብሎን ይታሰራል። እንጨቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልዬ እሠራበታለሁ። ሴንጢ የማልይዘውም ለዚሁ ነው፤ ማጠፊያው እንዲህ ያለውን ምት አይችልም።

«ቢላን ምን ሆነሽ በዱላ ትመቻለሽ?» ይሉኝ ይሆናል። የባሌ ተራሮች ፓርክ ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱን ያውቁታል። ከፓርኩ እንጨት አንቆርጥም፤ ከአካባቢው ሰው ነው የምንገዛው። በክረምት የምናገኘው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ላዩ ውሃ የጠጣ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ፍልጡን አቁሜ ቢላውን አናቱ ላይ አሳርፍና ደንደሱን በዱላ እየመታሁ እሰነጥቀዋለሁ። የጣት ውፍረት ሲደርስ ደረቁን በስሱ እልገዋለሁ። እሳት የሚይዘው ያ ስስ ፍቅፋቂ ነው። የደከመና የበሰበሰ እንግዳ ይዤ ሲመሽ ሌላ መላ የለኝም። መጥረቢያ ቢኖር ጥሩ ነበር፤ ግን በእግር ስንሄድ ክብደቱ ይጎዳል።

የመጋዙ ጥርስ ደግሞ እዚህ ላይ ያስቸግራል። ዱላውን ይበላዋል። እንጨት ልቁረጥበት ቢሉም ትንሽ ገብቶ ይጣበቃል፤ እውነተኛ መጋዝ ጥርሱ ግራና ቀኝ ዘመም ስለሚል ነው እንደ ልብ የሚሄደው።

ወፍራም ቢላ ሁሉ ጥሩ እንዳይመስልዎት። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላ ለመሰንጠቅ ይመቻል፤ ሽንኩርት መክተፍና እንጨት መላግ ላይ ግን ያስለቅሳል። ለእኔ ደንደሱ ጋ 4 ሚሊ ሜትር፣ የስለቱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃኛል። ለስዊድን አየር ኃይል አብራሪዎች የተመረጠው ፎልክኒቨን ኤፍ1 የሚባለው ቢላ ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኞች በ1942 እ.ኤ.አ. የመረጡት ካባር የሚባለው ቢላ ስለት ግን ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እጀታው ውስጥ ያለው ብረትም ቀጭን ነው። ጦርነት ውስጥ በደንብ አገልግሏል፣ አልክድም። እኔ ግን የምሰነጥቀው ፍልጥ ነው፤ አጠር ያለና ሙሉ ብረት ያለው ይሻለኛል።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውልዎት አባባ። ቢላውን ከመኪና ባሌስትራ ያሠሩልኝ።

ከአዋሽ መንገድ የሚመጡትን መኪኖች ስንቱን ባሌስትራ ፈተው ገጥመዋል። ይህንን ብረት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው አላውቅም። አብዛኛው ባሌስትራ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ትንሽ ክሮምም ይገባበታል። ስለት ይይዛል፣ ሲመቱትም ቶሎ አይሰበርም። ዝገት ግን ያገኘዋል፤ የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮም ይፈልጋል። እሱን ለእኔ ይተዉት፤ በየማታው እየወለወልኩ ዘይት እቀባዋለሁ።

የከባዱ መኪና ባሌስትራ በጣም ወፍራም ስለሆነ የፒክአፕ ይሻላል። ብዙ የሠራ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይኖረዋል። መሰበሪያው አካባቢ ያለውን አይውሰዱ፤ ከተቻለ ያልተገጠመ ይፈልጉ። ቀጥቃጩ ቅርጹን ሲጨርስ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ያግለው። ከዚያ ትንሽ ጨምሮ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይንከረው። ውሃ ውስጥ እንዳይነክረው አደራ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዘይቱ ሲወጣ ገና ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆይ። መጨረሻ ላይ በግራይንደር ሲያሾለው ቶሎ ቶሎ ውሃ እየነከረ ይሁን። ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው፤ የመሰርሰሪያ ጫፍ ሲቃጠል የሚሆነውን ያውቁታል። የስለቱ ማዕዘን በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃል።

ደንደሱ ጠርዙ ይቁም፣ እንዳያለሰልሰው፤ የእሳት ብረት፣ ማለትም ሲፋቅ ብልጭታ የሚሰጠውን ዘንግ፣ የምፍቀው በእሱ ነው። እጀታው ወይራ ይሁን፣ ጠርዙ ግን ይለስልስ፤ እጅ ያቆስላል። አፎቱን እኔ እዚህ ከቆዳ አሠራለሁ።

አንድ ነገር ግን ቃል ይግቡልኝ። ግራይንደሩን ራስዎ አይያዙ። ዓይንዎ ገና ሕክምና ላይ ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያሠሩት፤ ካልጣመዎትም «እንደገና» ይበሉት። የምፈልገው የእርስዎን ዓይንና ፍርድ ነው። ተራራ ላይ በጨለማ እጄን ስዘረጋ እርስዎ የመረጡት ብረት መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሲያልቅ በሰው አይላኩት፤ መናኸሪያ ፍተሻ ላይ ቢላ ይዞ መገኘት ለተላከው ሰው ጣጣ ነው። ለመስቀል ስመጣ እወስደዋለሁ። የባሌስትራውንና የቀጥቃጩን ዋጋ ይንገሩኝ፣ እልካለሁ፤ በዚህ አይከራከሩኝ። እማዬን ሳሙልኝ። የዓይን ጠብታዎን በሰዓቱ ያድርጉ።

አክባሪ ልጅዎ
ከሐዋሳ