ሟቹ እናት የለውም ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ «ልጆቻችንን ተደባዳቢ ያደረጋቸው ፊልም ነው» ብለው የጻፉትን አየሁ። እኔ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ቤቴ ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን አይጠፋም። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ግድግዳ ሲያይ አይውልማ! ስለዚህ ነገሩ ያገባኛል።

ፊልም ሰው አይቀይርም የሚል ካለ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ይቀመጥ። ጎረምሳው ስልኩን አውጥቶ የአክተሩን ፎቶ ያሳየኛል። «ጎን ጎኑን ሙልጭ፣ ከላይ ተወው» ይለኛል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ቶንዶሱ ጆሮው ስር እየሄደ እንኳ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም። ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር እሱም አብሮ ጎንበስ ይላል፤ እኔ እጄን አነሳለሁ። ወረፋ የያዙት አግዳሚው ላይ መተናነቅ ይጀምራሉ።

ሳይኮሎጂ የተማረች ልጄ አልበርት ባንዱራ ስለሚባል የአሜሪካ ተመራማሪ አጫውታኛለች። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጥናት ለሕፃናት አንድ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ የሚያሳይ ፊልም አሳያቸው። ደብዳቢው ሲሸለም ወይም ምንም ሳይደርስበት ሲቀር ያዩት ልጆች እንደሱ ደበደቡ። ሲቀጣ ያዩት ግን ያን ያህል አልደገሙትም።

እኔንም የሚከነክነኝ ይሄው ነው። ጀግናው ሃያ ሰው ይዘርርና ጃኬቱን አራግፎ ይሄዳል። ሟቹ እናት የለውም ወይ? ወንድም የለውም? በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል። ደሙ እስኪደርቅ ስንቱ ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል። ካሜራው እዚያ ድረስ አይሄድም።

ሁሉንም በፊልም ማላከክ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አሁን አሁን ተኩስ ስንሰማ ከፊልሙ ይሁን ከውጭ ለመለየት ድምፁን የምንቀንስበት ጊዜ አለ። እዚህ የሚያድግ ልጅ ጠመንጃን ከስክሪን ብቻ አልተማረም። ደግሞ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ የድብድብ ፊልም ብዙ ተመልካች ባገኘበት ቀን ማታ የጥቃት ወንጀል እንዲያውም ቀነስ ይል ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ጎረምሳው ሲኒማ ቤት ስለሚያመሽ መጠጥ ቤት አለመግባቱ ነው። አረቄ ቤቶቻችንን ለሚያውቅ ይሄ አይገርምም።

ስለዚህ ፊልሙ ይከልከል አልልም። ትልቅ ሰው ይየው። ችግሩ በሩ ላይ ነው። ቪዲዮ ቤት የመግቢያ የያዘ ሁሉ ይገባል፤ ደብተሩን በብብቱ እንደሸጎጠ። እኔ በበኩሌ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ልጆች ስለሚበዙ የኳስ ድጋሚ ነው የምከፍተው። አንዱ ደንበኛዬ «ጋሼ፣ ቤቱን ቄስ ትምህርት ቤት አደረጉት እኮ» ብሎ ቀልዶብኛል። ተቆርጦ፣ ከፍሎ ነው የሄደ።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሲኒማ ማስታወቂያ ስታወጡ ከርዕሱና ከሰዓቱ ጎን ፊልሙ ከስንት ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደሆነ ጻፉልን። ገጹን ቆርጬ መስታወቴ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ፀጉር አስተካካዩ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር