ዋጋ የለውም የተባለው ቤት የእኔ ነው

ለአዘጋጁ፤

ስለ ኮምቦልቻ የቤት ገበያ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያለው አንብቦታል፤ ስልክ የሌለው ተነቦለታል። እሁድ ለቅሬ፣ ማለትም ለእድራችን፣ ስንሰበሰብ፣ ሰብሳቢው መዝገቡን ሳይከፍት የሁሉም ወሬ እሱ ነበር።

ስለ ኪራይ መናር የጻፋችሁት እውነት ነው። ስለ ደላሎች የጻፋችሁትም ትክክል ነው። እኔን ብዕር ያስነሳኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «በሠራተኛው ሰፈር ያሉት የጭቃ ቤቶች ዋጋ የላቸውም፤ ገዢ የሚከፍለው ለመሬቱ ነው» ይላል። ማን እንዳለው አልተጻፈም። ደላላው ነው? ባለሙያ ነው? ዘጋቢው ራሱ ነው? ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዋጋ የላቸውም ከተባሉት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው።

እስቲ መጀመሪያ በሕጉ እንነጋገር። በዚህ አገር መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ወረድ ብሎ ደግሞ፣ ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት አለው ይላል። እንግዲህ መሸጥ መለወጥ የሚቻለው የትኛው ነው? ቤቱ ነው። ዘገባችሁ የሚሸጠውን ዋጋ ቢስ አድርጎ፣ የማይሸጠውን በዋጋ ተመነው።

የሊዝ፣ ማለትም የከተማ ቦታ ከመንግሥት በኪራይ የሚያዝበት፣ አዋጅም አለ፤ ቁጥር 721/2004። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ የተያዘ ቦታ፣ ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ሰው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው ይላል። እኔ በ2008 ስገዛ የሆነው ይኸው ነው። የሊዝ ውል ፈርሜ በየዓመቱ ለከተማው እከፍላለሁ። ደረሰኞቹን አንድም ሳይጎድል በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። የመሬቱን ለከተማው የምከፍል ከሆነ፣ ለሻጯ ቆጥሬ የሰጠሁት 380 ሺህ ብር የምን ነበር? ዘጋቢያችሁ ይህን ይመልስልኝ።

ቦታ ዋጋ አይጨምርም እያልኩ አይደለም። ይጨምራል። ይኸው ቤት ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለችው ሐርቡ ቢሆን በጣም ባነሰ ብር እገዛው ነበር። እዚህ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቅርብ ነው። ሌሊት ከሽፍት የወጣ ሰው ባጃጅ ሳይለምን በእግሩ ይገባል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህም ቤት ፈላጊው በዝቷል። ይህን ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤም አልጽፍም። ግን ቦታው ዋጋ ይጨምራል ማለት ሌላ፣ ቤቱ ዋጋ የለውም ማለት ሌላ።

እኔ የወረኢሉ ሰው ነኝ። በ1985 ሥራ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጨርቃ ጨርቅ ገባሁ። ከዚያ 23 ዓመት ተከራይቼ ኖርኩ። ስድስት አከራይ ቀያይሬያለሁ። አንዷ ልጃችን ታለቅሳለች ብላ አስወጥታናለች። አንዱ መብራት አመሻችሁ ብሎ ቆጣሪውን አጥፍቶብናል። ቤት የገዛሁት በሁለት እቁብ፣ በባለቤቴ የእንጀራ ብርና ወረኢሉ ባለችኝ የውርስ ድርሻ ነው። ወንድሞቼ ድርሻዬን በብር ሰጡኝ። ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበትን ነገር ዘጋቢያችሁ በአንድ መስመር ዋጋ የለውም ብሎ አለፈ።

ሻጯ እድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ። ልጃቸው ደሴ ሊወስዳቸው ነበር። ውሉ ተመዝግቦ ቁልፍ በተቀበልንበት ቀን ቡና አፈሉ፣ እጣን አጨሱ፣ ዱዓ አደረጉልን። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን። «አላህ በረካ ያድርግላችሁ፤ ወልዳችሁ ክበዱበት» አሉን። ከዚያ ባለቤቴን እጇን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን አዞሯት። «ልጄ፣ ይሄ ማዕዘን ሐምሌ ላይ ውሃ ያስገባል፣ ቶሎ እዪው። ይሄን ቋሚ ሟች ባለቤቴ ነው የቀየረው። የታመመ ሰው ካለ ደግሞ አልጋውን እዚህ ጋ አድርጊለት፣ ንፋስ አያገኘውም።» ጓሮ ያለውን የዘይቱን ዛፍ እንዳንቆርጠው ለመኑን። ዛሬም አለ፤ የሰፈሩ ልጆች ፍሬውን ሳይበስል ይጨርሱታል።

ዘጋቢያችሁ የጭቃ ቤት ማለት አፈር ክምር መስሎት ከሆነ፣ እንዴት እንደሚኖር ልንገረው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቀይ አፈር በጋሪ እናስመጣለን። የጤፍ ጭድ እንገዛለን። ውሃ አጠጥተን፣ በእግራችን ረግጠን፣ ላስቲክ አልብሰን እናቦካዋለን። አራት አምስት ቀን ይተኛል። ጭዱ ሲልምና ሽታው ሲቀየር ደርሷል ማለት ነው። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጎረቤት ይጠራል። አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ይመርጋል፤ ባለቤቴ በእጇ ትለስናለች። ቋሚዎቹን ምስጥ እንዳይበላቸው ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምነን እግራቸውን እንቀባለን። ወለሉን ሊሾ ያደረግነው በ2010 ነው፤ ኮርኒሱ ገና አቡጀዴ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ትሞቃለች። ብሎኬት ቤት የገቡ ጓደኞቼ ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ግድግዳው ያቀዘቅዛላ!

ለአንድ ቃል ይህን ያህል ምን አንገበገበህ ትሉኝ ይሆናል። ቃሉ ከጋዜጣ ላይ ወርዶ እኛ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

በ2012 ባለቤቴ የእንጀራ ሥራዋን ልታሰፋ ብድር ጠየቅን። ካርታ አለን፣ የግብር ደረሰኝ አለን፣ ዕዳ የለብንም። የባንኩ ሠራተኛ ፋይላችንን እንኳ አልገለጠውም። «ቤቱ ከምንድን ነው የተሠራው?» አለ። «ከጭቃ» አልነው። «የጭቃ ቤት በመያዣ አንይዝም» ብሎ ፋይሉን መለሰልን። ባለቤቴ ከባንኩ ወጥታ እቤት እስክንደርስ አልተናገረችም። ዋጋ የለውም የሚለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አሁን ደግሞ ከእናንተ ሰማሁት።

ከዚህ የባሰም አለ። ነገ መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ቦታው ለልማት ይፈለጋል ቢባል፣ ገማች ይመጣል። የካሳ አዋጁ 1161/2011 ለተነሺው ቤት የሚከፈለው ካሳ ቤቱን አሁን ባለው ዋጋ አዲስ ለመተካት የሚያስችል እንዲሆን ነው የሚለው። ለጭቃ ቤትም ቢሆን። እንጨቱ ይቆጠራል፣ ቆርቆሮው ይቆጠራል፣ ምስማሩና የአናጢው እጅ ይቆጠራል። ገማቹ ግን ሰው ነው። ጋዜጣ ያነባል። ከጭንቅላቱ ውስጥ «እነዚህ ቤቶች እንኳ ዋጋ የላቸውም» የሚል ነገር ይዞ ከመጣ፣ ሜትሩን ሲዘረጋ ምን ይጽፍልናል? እኛስ ምን ብለን እንከራከራለን?

ፎቶውም አናዶኛል። የዛገው ቆርቆሮ የጎረቤቴ ቤት ነው። ከመኪና ውስጥ የተነሳ ይመስላል። እሷ ሦስት ልጆቿን ይዛ እዚያ ቆርቆሮ ሥር ትኖራለች። ፎቶውን ያየችው ከልጇ ስልክ ላይ ነው። ዘጋቢያችሁ ሁለት ደላላና አንድ ኃላፊ አናግሯል። በር አንኳኩቶ «እማማ፣ እንዴት ዋላችሁ» ቢል እሷም ታናግረው ነበር፤ ቡናም አታጣም።

«ነዋሪው አላፊ ተከራይ ነው» የሚለውም ቅር ብሎኛል። ጓሮ ባሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎቼ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬና ከወረባቦ የመጡ ልጆች ይኖራሉ። ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። ለአንድ ክፍል አራት እየሆኑ ነው የሚከራዩት፣ ብቻቸውን አይችሉትማ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ አገራቸው መመለስ አልቻሉም። መንገድ ተዘግቷል። ፋብሪካው ቆሟል። ስምንቱንም ወደ ዋናው ቤት አስገባናቸው። ከአንድ ወር በላይ ያለችንን ጤፍ ከበቆሎ እየቀላቀልን አብረን አሳለፍን። የዚያን ጊዜ ኪራይ አልጠየቅናቸውም፤ በሰፈራችን የጠየቀ ሰውም አላውቅም። ከስምንቱ ሦስቱ ዛሬም እዚሁ ናቸው። አንዷ ባለፈው ዓመት በስሟ ቅሬ ገብታለች። ቅሬ የገባ ሰው አላፊ ነው አይባልም። ከሞተ እዚህ እንቀብረዋለን፤ እኛም ስንሞት ድንኳን ይተክልልናል።

የምጠይቀው እርማት ነው። በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ይውጣልን። «የጭቃ ቤቶቹ ዋጋ የላቸውም» ያለውን ሰው ማንነት ጻፉ፤ የዘጋቢው የራሱ ግምት ከሆነም እንደዚያው በሉ። ፎቶው ደግሞ ይነሳልኝ። ዘጋቢው ዳግም ሊመጣ ከፈለገ ግንቦት ላይ ይምጣ። ጭቃው ቦክቶ ይጠብቀዋል፣ የእግር መታጠቢያ ውሃም አዘጋጃለሁ።

ከኮምቦልቻ፣ አንድ የሠራተኞች ሰፈር ነዋሪ